የእንዝርቱ ልክ

ሰው ዕድሜው ገፍቶ ያለፈውን ዘመኑን ሲያወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ታላላቁን ነገር፣ ሹመቱንና ስደቱን፣ ሠርጉንና ሐዘኑን ነው፤ የእኔ ኅሊና ግን እንቅልፍ በከዳኝ ሌሊት ሁሉ የሚመላለሰው ከስንዝር ባነሰች፣ ጫፍና ጫፍዋ አራት ማዕዘን ሆኖ በሾጠጠ በአንዲት ብረት ዙሪያ ነው። ይህች ብረት በብስክሌት እምብርት ውስጥ ተጋድማ በግራና በቀኝ የፔዳሎቹን ክንዶች የምትሸከም፣ ብስክሌተኛው በረገጠ ቍጥር አብራ የምትዞር፣ ነገር ግን ከውጭ ማንም የማያያት ናት። ጣሊያኖች ፔርኖ ይሏታል፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ግን እንዝርት ይሏት ነበርና እኔም እስከ ዛሬ ከዚያ ስም አልወጣሁም።

አባቴ የቴሌኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ነበርና በ1959 ዓ.ም. ወደ አስመራ በተዛወረ ጊዜ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከአዲስ አበባ አቀበትና ጭቃ ለመጣ ልጅ የዚያች ከተማ ድንቅ ነገርዋ ካቴድራሉ፣ ወይም ሲኒማ ኢምፔሮ፣ ወይም ክንፉን እንደ ዘረጋ ንስር ሆኖ የታነጸው የፊያት ታሊየሮ ሕንጻ ሊሆን ይገባ ነበር፤ እኔን ግን ያስደነቀኝ የብስክሌቱ ብዛት ነው። ሽማግሌው ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቈልፎ በብስክሌት ይሄዳል፤ ዳቦ አመላላሹ ቅርጫቱን ከፊቱ ጭኖ፣ ተማሪው ደብተሩን ከኋላው አስሮ በብስክሌት ይሄዳል። በ1946 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጂሮ ዲ ኤርትራ ውድድር ወሬ ገና ከሰው አፍ አልጠፋም ነበር፤ ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮችዋ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበርና የእነ ገረመው ደንቦባ ስም በየብስክሌት ቤቱ እንደ ቅርብ ዘመድ ስም ይነሣ ነበር።

ከእነዚህ ብስክሌት ቤቶች አንዱ ከመደበር ገበያ ወዲህ የነበረው ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም አቦይ እንላቸው ነበር። በልጅነታቸው በድቁና አገልግለው፣ ኋላ በጣሊያን ዘመን በአንድ ብስክሌት ሠሪ ቤት ያደጉ ሰው ስለ ነበሩ የጣሊያኑ የመካኒክ ቋንቋና የቤተ ክርስቲያኑ ግእዝ በአንደበታቸው ላይ ያለ ጠብ ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር። ቡሎንና ዳዶን፣ ሮንዴላና ግራሶን፣ ቴላዮና ሞዞን፣ ማለት የብስክሌቱን አጽምና የጎማውን ማእከል፣ ከጣሊያን ወርሰዋል፤ የብረት ብዮቹ የሚሽከረከሩበትን ጎድጓዳ ቀለበት ግን ጣሊያኖቹ ካሎታ ቢሉትም እርሳቸው ጽዋ ከማለት በቀር ሌላ ስም አልሰጡትም። በቀኙ ጽዋ 11፣ በግራውም 11 ብይ በግራሶው ላይ አንድ ባንድ ሲያኖሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቈጠራ ይሁን ጸሎት ግን ደፍሬ ጠይቄአቸው አላውቅም።

የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ሽብልቅ መሞረድ ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ እጃችን ከሚገቡት ብስክሌቶች የሚበዙት የፔዳል ክንዳቸው ከእንዝርቱ ጋር የሚያያዘው ጎኑ በሰያፍ በተሞረደ፣ ከትንሽ ጣት በቀጠነ ሽብልቅ ሲሆን፣ ይህ ሽብልቅ ሲያረጅ አዲሱን በሞርሳ አጥብቆ ይዞ፣ ሞረዱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያወላግዱ፣ ከእንዝርቱ ጠርዝ ጋር ፊት ለፊት እስኪገጥም ድረስ መሞረድ ያስፈልጋል። የግራው ሽብልቅ ከቀኙ ይልቅ ጥቂት ከተሞረደ አንዱ ክንድ ወደ ምድር ሲያመለክት ሌላው በትክክል ወደ ሰማይ ማመልከቱ ይቀርና አንገቱን እንደ ታመመ ሰው ዘንበል ይላል። አቦይ እንዲህ ያለ ሥራዬን ባዩ ጊዜ አይቆጡም፤ ፔዳሉን በእጃቸው አንድ ጊዜ አዙረው፣ «ወደይ፣ ይህን ሰውዬ አንካሳ አድርገህ ልትሸኘው ነው?» ብለው ሽብልቁን ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ጣሳ ይጥሉታል። በመጀመሪያው ወር ያ ጣሳ የሞላው በእኔ ሽብልቆች ብቻ ይመስለኛል።

ከደንበኞች ብስክሌት ሁሉ ተለይታ በጓዳው ግድግዳ ላይ በሁለት ችንካር የተሰቀለች አንዲት ብስክሌት ነበረች፤ አንድ ጣሊያናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአቦይ ትቷት የሄደ ነው። ፍሬን የላትም፤ ማርሽ የላትም፤ የኋላው ጥርሳም ክብ፣ ፒኞኑ፣ ከሞዞው ጋር ታስሮ የተጠበቀ ስለ ሆነ ጎማው በዞረ ቍጥር ፔዳሉ ይዞራል፤ ጎማውን ማቆም የሚፈልግ ሰውም እግሩን ወደ ኋላ እየገፋ ፔዳሉን መታገል አለበት። ጣሊያኖቹ ይህን ዓይነት በአጭሩ ፊሶ ይሉታል። ለክብ የመሽቀዳደሚያ ሜዳ የተሠራ ነው፤ በጥንት ዘመን ግን በአውራ ጎዳናም ላይ ብርቅ አልነበረም፤ በቱር ደ ፍራንስ እንኳ ማርሽ መለወጫ የተፈቀደው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቦይ ፈቅደውልኝ ወጣሁባትና፣ ትንሽ ቁልቁለት ባገኘሁ ጊዜ እንደ ልማዴ እግሬን አሳርፌ ነፋሱን ለመቀበል ብሞክር፣ ፔዳሉ እግሬን እንደ ያዘ ወደ ላይ አንሥቶ እንደ ክፉ በቅሎ ወረወረኝ። ጉልበቴ ተልጦ እያነከስሁ ስመለስ አቦይ በቅድሚያ የመረመሩት ጉልበቴን ሳይሆን ካቴናውን ነበር፤ ይህንንም ለብዙ ዓመት ቂም አድርጌ ይዤባቸዋለሁ።

ካቴና ስል የብስክሌቱን ሰንሰለት ማለቴ ነው፤ የዛሬ የከተማ ልጅ የሚያስበው የፖሊስን ካቴና እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ነገሩም ከዚያ እጅግ አይርቅም። ማርሽ ያለው ብስክሌት ካቴናው ከጥርስ ወደ ጥርስ ሲዘዋወር መጣመሙ አይቀርለትምና ለዚያ የሚሆን መተጣጠፊያና መሳቢያ ጸጥታ ጠባቂ ሆኖ ከኋላው ተሠርቶለታል። ፊሶ ግን መሳቢያ የለውም፤ ካቴናው ከፊተኛው ጥርሳም ክብ፣ ከኮሮናው፣ ወደ ኋለኛው ፒኞን በአንድ ቀጥተኛ መስመር ሄዶ ካልተመለሰ አስቀድሞ ያጕረመርማል፣ ቀጥሎ ጥርሶቹን ይበላል፣ በመጨረሻም ልል በሆነ ቀን ዘሎ ይወጣል። ሲወጣ ደግሞ እንደ ሌላው ብስክሌት ዝም ብሎ አይንጠለጠልም። ወይ ብስክሌተኛውን ያለ አንዳች ማቆሚያ ይለቀዋል፤ ወይ በፒኞኑና በጎማው ዘንጎች መካከል ተወትፎ ጎማውን በአንድ ቅጽበት ያስረዋል።

ስለዚህ አቦይ ያችን ብስክሌት በፈቱ ቍጥር መልሰው የሚገጥሙአት እንደ ሥርዓተ ቅዳሴ ቅደም ተከተሉ በማይዛነፍ አኳኋን ነበር። ሚስታቸው ከፈተሉት ልቃቂት አንድ ረጅም ፈትል ይቈርጡና ከኋላው ጎማ መያዣ አስረው፣ በቴላዮው ግንባር በኩል አዙረው፣ በሌላው ወገን ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ከዚያም ፈትሉ ከመቀመጫው ቱቦ በግራና በቀኝ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካሉ። ሁለቱ ርቀት አንድ ካልሆነ ቴላዮው ራሱ ጠሟልና ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። አንድ ከሆነ ወደ ሒሳቡ ይገባሉ። የኋላው ሞዞ ከዳር እስከ ዳር 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኩሌታው 60 ይሆናል፤ ከዳሩ እስከ ፒኞኑ ጥርስ መካከል ያለው 18 ሲቀነስለት 42 ይቀራል። እንግዲህ ከፊት ያለው ኮሮናም ከብስክሌቱ ማእከል 42 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ይህን ለማግኘት የመቀመጫው ቱቦ ውፍረት፣ ማለት 28.6፣ ለሁለት ተከፍሎ 14.3 ይያዝና፣ ከቱቦው ገጽ እስከ ኮሮናው ጥርስ መካከል 27.7 መሙላቱ በካሊብሮ ይታያል። ይህን 27.7 የሚወስነው የእንዝርቱ ርዝመትና ክንዱ በእንዝርቱ ላይ ምን ያህል ዘልቆ መግባቱ ነው። «ርዝመቱን የሚነግርህ ሰው ግማሹን ነው የነገረህ» ይሉ ነበር አቦይ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ግማሹ ራሱ በዝቶብኝ ነበርና የቀረውን ግማሽ ልብ አላልሁትም።

አንድ ነገር ብቻ ከአቦይ ጋር እስከ መጨረሻው አላስማማንም። የጣሊያን ቴላዮ እምብርቱ 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሁለቱም ጽዋዎች ጥርስ በቀኝ ዙር ይጠብቃል፤ የእንግሊዙ 68 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቀኙ ጽዋ ግን የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። እንግሊዞቹ ይህን ያደረጉት ለሰው ችግር ለመፍጠር አይደለም። እንዝርቱ ወደ ፊት ሲዞር በመካከል ያሉት ብዮች እየተንከባለሉ ጽዋውን በተቃራኒው አቅጣጫ በቀስታ ይገፉታልና፣ በቀኝ ዙር የጠበቀ የቀኝ ጽዋ ከብዙ መንገድ በኋላ ይላላል። በዚህ ረገድ እንግሊዞች የተሻለ አስበዋል ብዬ በድፍረት ብናገር አቦይ ረጅሙን መፍቻ አንሥተው በሙሉ ክብደታቸው ጽዋውን እያጠበቁ፣ «የሚላላው ሰነፍ ያጠበቀው ነው» አሉኝ። ያቺው ጽዋ በዓመቱ ላልታ አገኘኋት፤ አልነገርኋቸውም።

በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት ውስጥ 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር የሄደ ጊዜ ወሬው አስመራ ደርሶ በየቡና ቤቱ ሌላ ነገር አልተወራም። ብስክሌቱን ኤርኔስቶ ኮልናጎ እንደ ሠራው፣ ከፊት 52 ከኋላ 14 ጥርስ እንዳለው፣ የሳሳ አየር ለፍጥነት ስለሚረዳ ከፍ ያለ ከተማ እንደ መረጡ፣ አንድ ጣሊያናዊ ደንበኛ ጋዜጣውን ዘርግቶ አነበበልን። አቦይ የሜክሲኮን ከፍታ ጠየቁ፤ 2,240 ሜትር ያህል ነው አላቸው። «የእኛ 2,325 ነው፤ ምነው ታዲያ ወደዚህ ቢመጣ?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁና፣ ሳቁ ሲበርድ ጋዜጣውን ተቀብለው ፎቶግራፉን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ሲመለከቱ ቈዩ። የሚመለከቱት የመርክስን ፊት አልነበረም። «ፎቶው ከጎን ነው» አሉ በመጨረሻ ቅር ብሏቸው፤ «ካቴናው ከኋላ ካልታየ ምን ይጠቅማል።»

በ1967 ዓ.ም. ከአስመራ ወጣን። ከዚያ በኋላ የሆነው የአንድ ትውልድ ታሪክ ነውና ሌሎች ከእኔ በተሻለ ጽፈውታል፤ እኔ በሱዳን አድርጌ ዋሽንግተን ደረስሁና፣ ለመምህርነት የተማርሁት ትምህርት እዚያ እንጀራ ባይሆነኝ፣ ወደ ልጅነት እጄ ተመልሼ በአንድ ብስክሌት ቤት የጓዳ መካኒክ ሆንሁ።

ነገሩ የሆነው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ዘመን የዋሽንግተን ጠበቆችና መሥሪያ ቤቶች አስቸኳይ ወረቀታቸውን የሚልኩት በብስክሌተኛ መልእክተኞች ነበር፤ እነዚህ ልጆች ቦርሳቸውን በጀርባቸው አስረው ከኬይ ስትሪት እስከ ፍርድ ቤቱ በመኪኖች መካከል ይሽሎከሎካሉ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ በዱፖንት ሰርክል ምንጭ ዙሪያ ተቀምጠው ያወጋሉ። ከእነርሱ ዘንድ ፊሶ የሚወድዱ ነበሩና፣ አቦይ በጓዳ የሰቀሏት ዓይነት ብስክሌት በሌላው የዓለም ጫፍ የመንገድ እንጀራ ሆና ሳገኛት የተሰማኝን ስሜት ለመግለጽ ያስቸግረኛል። ከመልእክተኞቹ አንዱ የመርካቶ ልጅ ነበር። ቴላዮውን ከአንዱ፣ ክንዶቹን ከሌላው፣ ጎማውን ከሦስተኛው ገዝቶ ያገጣጠማት ብስክሌቱ ቴላዮዋ የጃፓን፣ የፔዳል ክንዶችዋ የጣሊያን ነበሩ። አንድ ዓርብ ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ «ጋሼ፣ እምብርቷ ይንገጫገጫል፤ ሰኞ ሥራ አለብኝ፤ እባክዎ ይድረሱልኝ» ብሎ አመጣልኝ።

ፈታሁት። አሮጌው እንዝርት ብዮቹ በሚንከባለሉበት ስፍራ ተቦርቡሮ ነበር። ርዝመቱን ለካሁ፤ ከመደርደሪያው በርዝመቱ ትክክል የሆነውን፣ ብዮቹ ጭምር በአንድ ቀፎ የታሸጉበትን፣ አዲስ የጃፓን ዕቃ አወጣሁ፤ ገጠምሁት። ቍጥሩ አንድ ነው፣ ምን ቀረኝ? ፈትል አልዘረጋሁም፤ ካሊብሮ አላነሣሁም። ልጁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። በሳምንቱ ተመልሶ፣ «ጋሼ፣ ካቴናው ድሮ የማያሰማውን ድምፅ ያሰማል፤ እስቲ ይስሙልኝ» ሲለኝ ጎንበስ እንኳ ሳልል፣ «አዲስ ዕቃ ነው ልጄ፣ ይለምዳል» ብዬ መለስሁት። ይህችን ቃል ብዙ ጊዜ ለራሴ ደግሜአታለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ በአሥራ ስድስተኛው ጎዳና፣ በሜሪዲያን ሂል መናፈሻ አጠገብ ባለው ቁልቁለት፣ እግሩን ወደ ኋላ እየገፋ ፍጥነቱን ሲገታ ካቴናው ዘለለ፤ በፒኞኑና በዘንጎቹ መካከል ተወትፎ ጎማውን አሰረው። ልጁ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ ክንዱ ከደረቱ ጋር ተጠፍንጎ ተቀምጦ ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁት። «ምን ማለትዎ ነው ጋሼ፣ መንገዱ ነው» አለኝ። «ነግሬዎት ነበር» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ እርሱ ግን አሳዳጊ ያልበደለው ልጅ ነውና አላለኝም።

ማታውኑ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ብስክሌቱን ገልብጬ ከፊትዋ ተቀመጥሁ። ፈትል አልነበረኝም፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ያገኘሁትን የጥርስ ማጽጃ ክር በቴላዮው ግንባር ላይ አዙሬ ዘረጋሁ፤ ቀጥ ያለ ነው። የኋላውን ለካሁ፤ 42። የፊቱን ለካሁ፤ 46.5 ሆኖ አገኘሁት። አራት ሚሊ ሜትር ተኩል! ግን የእንዝርቶቹ ርዝመት አንድ ነው፤ አሥር ጊዜ ብለካቸው አሥር ጊዜም አንድ ነው። በመጨረሻ የቀኙን ክንድ አውልቄ፣ አዲሱን ዕቃም ከእምብርቱ አውጥቼ ከአሮጌው ጎን በጠረጴዛው ላይ አጋደምሁና፣ ክንዱን በባዶ እጄ መጀመሪያ ባሮጌው፣ ቀጥሎ ባዲሱ ላይ አስገባሁት። ባሮጌው ላይ ለስልሶ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ባዲሱ ላይ ገና ከመንገዱ ሳይጋመስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱም እንዝርት ጫፍ የሚሾጥጠው በየገጹ በሁለት ዲግሪ ነው፤ በዚህ ጣሊያንም ጃፓንም ይስማማሉ። የጣሊያኑ ግን ሹጠቱን አርዝሞ ጫፉን ይበልጥ ያቀጥነዋል፤ ጃፓኑ ቀደም ብሎ ስለሚያቆም ጫፉ ወፈር ይላል። ለቀጭኑ ጫፍ የተበጀ ቀዳዳ በወፍራሙ ላይ ሲገባ እንደ ወፍራም ውታፍ በጠርሙስ አፍ ላይ ቶሎ ይያዛል፤ ክንዱም ኮሮናውም ወደ ውጭ ቀርተው ይቆማሉ። የተገላቢጦሹ ከዚህም አይሻልም፤ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የጃፓን ክንድ በጣሊያን እንዝርት ላይ ከመጠን በላይ ይሰምጥና፣ ቡሎኑ የጠበቀ መስሎ የእንዝርቱን አናት ብቻ እየተጫነ ክንዱ ውስጥ ውስጡን ይላላል። ማሳቹሴትስ ውስጥ የሠራውና በ2008 እ.ኤ.አ. ያረፈው የብስክሌት ሊቅ ሼልደን ብራውን ይህንኑ ልዩነት አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብሎ እንደ ጻፈ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ ግን ያን ሌሊት በጥርስ ክር ደርሼበታለሁ፤ ትምህርቱንም የከፈለልኝ ሌላ ሰው ነው። አቦይ ያስቀሩብኝ የመሰለኝ ሌላው ግማሽ ለካ በግልጥ ተነግሮኝ የነበረ ነው።

ትክክለኛውን እንዝርት በራሴ ገንዘብ አዝዤ እስኪመጣ አንድ ሳምንት፣ የልጁ ትከሻ እስኪጠገን ደግሞ ሁለት ወር ያህል አለፈ። እስኪመጣም ብስክሌቱን ሳልገጥም ጠበቅሁት፤ በፊቱ እንድገጥማት ፈልጌ ነበር። ክሩን ስዘረጋ ጫፉን አስያዝሁት፤ ካሊብሮውን እርሱ ራሱ እንዲያነብ ሰጠሁት፤ ቡሎኑን ሳጠብቅ ክንዱ በእንዝርቱ ላይ እንዴት እየዘለቀ እንደሚሄድ አሳየሁት። ከኋላ 42፣ ከፊት 42 ከጥቂት ፀጉር። የፊት ፍሬንም አስገባሁለት፤ ትንሽ አኮረፈ፣ ግን እንቢ አላለኝም። ከዚያም የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቼ ፔዳሉን በእጄ አዞርሁና ጆሮዬን ወደ ካቴናው አስጠጋሁ።

«አለቀ ጋሼ?»

«ቆይ ልጄ፣ ዝም በል እስቲ፤ እየሰማሁ ነው።»